እንግዳው ዘመድ እስከ መቼ ይቆያል?

ደሴና ኮምቦልቻ ከውጭ አገር ዘመድ ለሠርግም ለለቅሶም ይመጣል። እኛም «ምነው፣ ሰንበት በል እንጂ!» እንለዋለን። ወጋችን ነው።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ዘመድ ቀን አይቆጠርበትም። የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ግን ቪዛ፣ ማለትም የመግቢያ ፈቃድ፣ ያስፈልገዋል። የቱሪስት ቪዛ የ30 ወይም የ90 ቀን ነው። ቀኑ ካለፈ ቅጣት አለ። መቆየት ከፈለገ ቀኑ ሳያልፍ ኢሚግሬሽንን ይጠይቅ።

በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የሚባለው፣ ያለው ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፤ ያለ መኖሪያ ፈቃድም ይኖራል።

ስለዚህ እንግዳችንን «ቀንህ መቼ ያልቃል?» እንበለው። ቪዛው ላይ ያለው ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ነውና ወደ እኛ አቆጣጠር መልሰን እንቁጠር። ቁጥር ማንበብ ዘመድን ከቅጣት ያድናል።