ሱስ አንዱን ይዞ ሌላውን ለምን ይለቃል?

በአማኑኤል ሰፈር አንድ በርጫ ላይ አብረው ከሚቅሙ ወጣቶች አንዱ ትቶት ሥራውን ሲቀጥል ሌላው ሳይቅም መዋል ያቅተዋል። ልዩነቱን በኢማን ድክመት ብቻ መፍታት በቂ ሆኖ አላገኘነውም። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ለሱስ ካለው ተጋላጭነት ግማሽ ያህሉን በዘር ለሚወረስ ነገር ይሰጡታል። በለጋ ዕድሜ መጀመርና የልጅነት ጉዳት ይጨምሩበታል። አካባቢም ይወስናል፤ በቬትናም ጦርነት የሄሮይን ሱስ ከያዛቸው አሜሪካውያን ወታደሮች አብዛኞቹ አገራቸው ሲገቡ ትተውታል። ጫት በየደጁ በሚሸጥበት መርካቶ የሚውል ሰው ግን ከሱሱ የሚርቅበት ስፍራ የለውም።

ኢብን ሐጀር አል-ሀይተሚ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ጫት ሪሳላ ጽፈዋል፤ የሑክሙ ክርክር ዛሬም አልተዘጋም። የተያዘው ሰው ጉዳይ ግን የክርክሩን መቋጫ አይጠብቅም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መታከምን አዝዘዋል። ሆኖም እናት ልጇን ይዛ ስትመጣ «ሩቅያ ይበቃዋል» ተብላ የምትመለስበት ጊዜ አለ፤ የአማኑኤል ሆስፒታል እዚያው ሰፈር እያለ።