ስለ ጉድጓድ አየርና ስለ ከሰል መርዝ

በደነባና በአካባቢው ደጋ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሲበረታ፥ የጋመ ከሰል በምድጃ ወደ ቤት አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት የተለመደ ነው። ወደ ሸዋ ቆላና ወደ ሐረርጌ ሲወረድ ደግሞ ማሽላ በተደፈነ ጉድጓድ ይቀመጣል። በሁለቱም ስፍራ ሰው ሳይቆስልና ሳይታመም ሞቶ ይገኛል። ሕዝቡም ነገሩን አንድ አድርጎ «ታፈነ» ይላል፤ ዳሩ ግን ገዳዩ አየር ሁለት ዓይነት ነው፥ ጥንቃቄውም ይለያያል።

የጉድጓዱ አየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይባላል። እህል ሕይወት ያለው ነገር ስለ ሆነ ይተነፍሳል፤ እርጥበት ያገኘው እንደ ሆነ ሻጋታውም አብሮ ይተነፍስና ንጹሑን አየር ጨርሶ ይህን ይተካበታል። ነቀዝ በደኅና በተደፈነ ጉድጓድ የማይበረክተው በዚሁ ምክንያት ነው። ከተራው አየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ፥ የጉድጓዱ አፍ ቢከፈትም ከታች ተኝቶ ይቆያል። በካሜሩን አገር ነሐሴ 15 ቀን 1978 ዓ.ም. ማታ ከኒዮስ ሐይቅ የወጣው ይኸው አየር፥ ቁልቁለቱን ተከትሎ እንደ ጎርፍ ወርዶ 1,700 ያህል ሰው ፈጅቷል። በእህል ጉድጓድም መጀመሪያ የወረደው ሲወድቅ ወንድሙ ሊያወጣው ይገባል፥ እርሱም በዚያው ይቀራል።

ስለዚህ ጉድጓዱ አስቀድሞ ተከፍቶ ይዋል፤ ቅጠላም ቅርንጫፍ በገመድ እየወረደና እየተሳበ አየሩ ይገላበጥ። ቀጥሎ ፋኖስ ይውረድ፤ ከጠፋ ማንም አይግባ። ባይጠፋም እንኳ መብራቱ ፍጹም ዋስ አይሆንምና፥ የሚወርደው ሰው በገመድ ታስሮ ሁለት ብርቱ ሰዎች ከላይ ይያዙት። ይህንን ማስፈጸም የወረዳው ሹምና የእህሉ ባለቤት ፈንታ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ነው፥ ባለቤቱ ከላይ ቆሞ ያዛል።

የከሰሉ መርዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን በፋኖስ አይታወቅም። መልክም ሽታም የለውም፤ ክብደቱ ከተራው አየር ጋር የተቀራረበ ስለ ሆነ በአልጋ የተኛውንም በመደብ የተኛውንም እኩል ያገኛል። ኩራዙ ደኅና እየበራ ሰው ይሞታል። ከደም ጋር የሚጣበቀው ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ነውና፥ ከአየሩ ከ1,000 እጅ 1 እጅ ብቻ ቢሆን በጥቂት ሰዓት ሊገድል ይችላል። ብዙ ሰው ጭሱ አልቆ የቀላ ከሰል አይጎዳም ብሎ ያምናል፤ ይህ እምነት ብዙ ቤት ዘግቷል።

ቤተ ሰቡ ሁሉ በአንድ ሌሊት ራሱን ካመመው፥ ካጥወለወለውና ጉልበቱ ከከዳው፥ ብርድ መታው ተብሎ በር አይዘጋበት፤ ወዲያው ወደ ውጭ ወጥቶ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ሊረዳ የመጣውም ሰው በቅድሚያ በሩንና መስኮቱን ይክፈት፥ ምድጃውን ከዚያ በኋላ ያውጣ።