ስለ ጥንታውያን የጦር ሐኪሞች የመሣሪያ ሣጥኖች



ቴምብርና የጥንት ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎች እንዳሉ ሁሉ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት የጦር ሐኪሞች ይሠሩባቸው የነበሩትን የቀዶ ጥገና መሣሪያዎች ከነሣጥናቸው የሚሰበስቡም አሉ። በተለይ የሚፈለጉት በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ ማለት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1861 እስከ 1865 ድረስ ያገለገሉት ናቸው።

በዚያ ጦርነት የወታደሩ ጥይት ለስላሳ እርሳስ ስለ ነበረ ዐጥንትን ያደቅ ነበር። ስለዚህ ሐኪሙ የተመታውን እጅ ወይም እግር ለመቁረጥ ብዙ ጊዜ ይገደድ ነበር። በሰሜኑ ጦር ብቻ ወደ 30,000 የሚጠጋ እንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና ሲመዘገብ፣ ከአራቱ ቁስለኛ አንዱ ያህል ሞቶአል።

የመሣሪያው ሣጥን ጠርዙ በናስ የተለበጠ ነው። ሲከፈት ረዣዥም ቢላዋዎች፣ የዐጥንት መጋዝ፣ ጉጠትና የደም ማቆሚያ ማሰሪያ በከፋይ ላይ በየቦታቸው ተጋድመው ይታያሉ። እጀታቸውም ከዞጲ ወይም ከዝሆን ጥርስ የተቀረጸ ነው።

ነገር ግን አደጋው የነበረው በዚሁ ውበት ውስጥ ነው። እንጨትና የዝሆን ጥርስ በፈላ ውሃ ቢቀቀሉ ይበላሻሉ፤ ከፋይም ደምና መግል ይመጣል። ሐኪሙ ቢላዋውን ጠርጎ ወደ ሣጥኑ ሲመልስ፣ የአንዱን ቁስል መርዝ ለሌላው ያቆይ ነበር። ይህንም ያደረገው በቸልተኝነት ሳይሆን፣ የዘመኑ ትምህርት ገና ስላልደረሰበት ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆሴፍ ሊስተር የፓስተርን ምርምር ተከትሎ በካርቦሊክ አሲድ ቁስልን ከመመርቀዝ ማዳን እንደሚቻል ያስታወቀው በ1867፣ ጦርነቱ ካለቀ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ከ1880ዎቹ ወዲህ መሣሪያን በእንፋሎት ማጽዳት እየተስፋፋ ሲሄድ፣ ያማረው እጀታ ቀርቶ መሣሪያው ሁለንተናው ብረት ሆነ። ስለዚህ ሰብሳቢው የመሣሪያውን ዘመን ለመገመት አስቀድሞ እጀታውን ይመለከታል።

ቀጥሎም የሠሪውን ስም ይመረምራል፤ ለምሳሌ የኒውዮርኩ ቲማን ስሙን በብረቱ ላይ ያትም ነበር። ለጦሩ በተገዙት ላይ ደግሞ የአሜሪካ ጦር የሆስፒታል ክፍል አኅጽሮተ ስም ይገኛል። በአንድ ሣጥን ውስጥ የተለያዩ ሠሪዎች ስም ቢታይ፣ ወይም መሣሪያው ከተዘጋጀለት ጎድጓዳ ጋር ባይገጥም፣ የጎደለው በሌላ ተተክቶ ሊሆን ይችላል። አንድ መዝገብ ከመካከሉ ገጽ ተነቅሎ የባዕድ ገጽ ቢገባበት እምነት እንደሚያጣ ሁሉ፣ የተደባለቀ ሣጥንም ምስክርነቱን ያጣል። አሮጌውን ብረት መሞረድና ማወልወልም ጽሕፈቱንና የሥራውን ምልክት ስለሚያጠፋ ጥፋት ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ በሆስፒታል ጌጥ የሌለውን ተራ የብረት መቀስ ስታይ አትናቀው። ጌጡን ያጣው የሰው ሕይወት እንዲተርፍ ነውና።