ክረምት ሳይገባ ዝናብ መጥረጊያውን ይዩት

ግንቦት ሲጋመስ ብዙ ባለመኪና ስለ ጎማው፣ ስለ ፍሬኑና ስለ ባትሪው ማሰብ ይጀምራል። የፊት መስታወቱ ላይ የተጋደመው ዝናብ መጥረጊያ ግን ትዝ የሚለው የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የወረደ ዕለት ነው። ያን ጊዜ ደግሞ መኪናው መንገድ ላይ ነው፤ ልጆች ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ከፊት የሚመጣው መኪና መብራት መስታወቱ ላይ እንደ ቅባት ተዘርግቶ መንገዱን ይጋርደዋል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በ1 ሴኮንድ 11 ሜትር ያህል ይሄዳል። መስታወቱ ለ3 ሴኮንድ ብቻ ከደበዘዘ ሾፌሩ ከ30 ሜትር በላይ በጭፍን ነዳ ማለት ነው። በዚያች ርቀት ውስጥ ጃንጥላዋን ዝቅ አድርጋ፣ ጎርፉን ለመዝለል ቸኩላ የምትሻገር ሰው ልትኖር ትችላለች።

መጥረጊያውን የሚገድለው ዝናቡ አይደለም፤ ፀሐዩ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ወራቱን ሙሉ ያለ ሥራ ተጋድሞ ይጠበሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የፀሐዩ ጨረር ብርቱ ነው፤ ጎማውን ያደርቀዋል፣ ጠርዙንም ይሰነጥቀዋል። አቧራውም የራሱን ያደርሳል። መስታወቱ ደረቅ እንዳለ መጥረጊያውን ማስነሳት በብርጭቆ ወረቀት እንደ መፈግፈግ ነው፤ ጎማውም ይበላል፣ መስታወቱም ይጫራል። ስለዚህ ሁልጊዜ ውሃው ይቅደም።

አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይቀየር ይላሉ። እንደ እኔ አስተያየት፣ ጥላ ውስጥ ለሚያድር መኪና በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሰኔ ከመግባቱ በፊት መቀየር ይበቃል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚቆም ከሆነ ግን የበልጉ ዝናብ ሳይጀምር የካቲት ላይም ይፈተሽ።

ፍተሻው ጋራዥ አያስኬድም። ክንዱን ቀና አድርገው ጣትዎን በጎማው ጠርዝ ላይ ያስኪዱ። ከሻከረ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ከቀረ ጊዜው አልፏል። ለስላሳ ሆኖ ግን ቀጫጭን መስመር የሚተው ከሆነ ቆሻሻ ይዞ ይሆናልና ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ይጠቡት። ንጹሕ ጨርቅ በሳሙና ውሃ ነክረው፣ ጨርቁ ላይ ጥቁር ነገር መውጣቱ እስኪቀንስ ድረስ ጎማውን ዳር እስከ ዳር ይጥረጉት። ቤንዚንና ነጭ ጋዝ አይንካው፤ ለጊዜው ያጸዳ ይመስላል እንጂ ጎማውን ያበላሸዋል። በአንድ ጤና ጣቢያ ስሠራ የማውቀው የአምቡላንስ ሾፌር፣ እኛ ምጥ የያዛትን ለመቀበል እጃችንን ስንታጠብ እሱ ደግሞ በየማለዳው መጥረጊያውን በእርጥብ ጨርቅ ያብስ ነበር። ሌሊት በዝናብ የሚጠራው እሱ ነዋ።

መጥረጊያው እየዘለለና እየጮኸ ከሄደ ወይ ጎማው ደርቋል፣ ወይ ክንዱ ተጣሟል፣ ወይም መስታወቱ ላይ የቅባት ነገር አለ። መሀል ላይ ሳይጠርግ የሚያልፈው ቦታ ካለ ደግሞ የክንዱ ስፕሪንግ ደክሞ ሊሆን ስለሚችል አዲስ ጎማ ብቻውን አይፈታውም። በረዶ ዘንቦ መስታወቱ ላይ ከተከመረ አስቀድመው በእጅ ያንሱት፤ ክምሩን በመጥረጊያው መግፋት ሞተሩን ያቃጥላል።

መጥረጊያው ያለ ጥፋቱ የሚወቀስበትም ጊዜ አለ። በክረምት መስኮት ተዘግቶ አራት አምስት ሰው ሲተነፍስ መስታወቱ ከውስጥ በኩል ላበት ያወጣል። ሾፌሩ የውጪውን መጥረጊያ ቢያፈጥነው ምን ሊረባው! የውጪ አየር የሚያስገባውን ከፍቶ ነፋሱን ወደ መስታወቱ ማዞር ነው፤ ኤርኮንዲሽነር ያለው ደግሞ ያብራው፣ እርጥበቱን ይመጥጣል። በእጅ መዳፍ ማበስ ግን ለማታ መብራት የሚያስቸግር የቅባት አሻራ ይተዋል።

መስታወቱ ከውስጥም ከውጭም ጠርቶ፣ መጥረጊያው አዲስ ሆኖ፣ አሁንም የመኪና መብራት እንደ ፀሐይ ጮራ የሚበተንብዎት ከሆነ ዐይንዎን ይመርመሩ። ዕድሜው ገፋ ባለ ሰው ላይ የዐይን ሞራ ሲጀምር አንዱ ምልክቱ ይኸው ነው። ቤት ውስጥ ማታ መንዳት እየጠላ የመጣ አባት ካለ «አርጅተሃል» ከማለት ወደ ዐይን ሐኪም መውሰድ ይሻላል። የዐይን ሞራ በቀዶ ሕክምና የሚወገድ ችግር ነው።

ለመግዛት ሱማሌ ተራም ሆነ ሰፈር ያለ መለዋወጫ ሱቅ ሲሄዱ ልኩን ይዘው ይሂዱ። በሜትር አሮጌውን ዳር እስከ ዳር ይለኩ፤ የሾፌሩና የጎኑ ብዙ ጊዜ እኩል አይደሉም። ዕቃው ላይ የሚጻፈው በኢንች ስለሆነ የለኩትን ሴንቲ ሜትር ለ2.54 ያካፍሉት፤ 56 ሴንቲ ሜትር 22 ኢንች ይሆናል። ከክንዱ ጋር የሚገናኝበትንም ቅርጽ በስልክ ፎቶ ማንሳት አይከፋም። አቃፊው ደህና ከሆነ ጎማውን ብቻ መቀየርም ይቻላል፤ ዋጋው ይቀንሳል። ረዘም ያለ የበለጠ ይጠርጋል ብሎ ከልኩ በላይ መግዛት ግን ሁለቱን መጥረጊያዎች እርስ በርስ ያጋጫቸዋል።

ለመቀየር ከሁሉ በፊት የታጠፈ ወፍራም ፎጣ መስታወቱ ላይ ያንጥፉ። መጥረጊያው የወለቀለት ክንድ በስፕሪንጉ ኃይል ተመልሶ ከወደቀ ብረቱ መስታወቱን ይሰነጥቀዋል፤ ያን ጊዜ ወጪው ሌላ ነው። ከዚያ ክንዱን ቀና ያድርጉ፤ ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ከሆነ መሀል ላይ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ተጭነው መጥረጊያውን ወደ ክንዱ ሥር ይሳቡት፤ ይወጣል። አዲሱን በመጣበት መንገድ ቀጭ እስኪል ያስገቡት፣ ክንዱንም በእጅዎ ይዘው ቀስ ብለው ያውርዱት።

ይህ የወንድ ሥራ ነው የሚል ካለ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1903 ከመኪና ውስጥ ሆኖ በእጅ የሚንቀሳቀስ መጥረጊያ አሜሪካ ውስጥ በስሟ ያስመዘገበችው ሜሪ አንደርሰን የተባለች የአላባማ ሴት ናት። መንዳት የጀመረች ልጅ ያለችበት ቤት እሷው ትቀይረው፤ ከ10 ደቂቃ አይበልጥባትም።

ሲጨርሱ የመስታወት ማጠቢያው ዕቃ ውስጥ ንጹሕ ውሃ ይሙሉ። ክዳኑ ላይ ውሃ የሚረጭበት የመስታወት ሥዕል አለው፤ ከራዲያተሩ ጋር እንዳይምታታ። ውሃው ካልረጨ ቀዳዳዋን በቀጭን መርፌ ይክፈቷት፣ ከዚያ መጥረጊያውን ሁለት ሦስት ጊዜ አስኪደው ይዩት። የኋላ መስታወት መጥረጊያ ካለውም እሱንም ያስኪዱት፤ ከፊተኛው ይበልጥ የሚረሳው እሱ ነው።