የተቃጠለ እጅና የጓዳው መድኃኒት

ቡና ሲቀዳ ጀበናው ተገልብጦ የአንድ ሰው እጅ ቢቃጠል ቤቱ በአንዴ በሐኪም ይሞላል። አንዷ ቅቤ፣ ሌላዋ የጥርስ ሳሙና፣ ጎረቤት ደግሞ እንቁላል ይዘው ከተፍ ይላሉ። ሊጥ የሚለጥፍም አይጠፋም። ሁሉም የሮጡት ለመርዳት ነው። እነሱ ሲሯሯጡ ግን ዋናው መድኃኒት፣ ውሃ፣ ይዘገያል።

ትኩሱ ነገር ከቆዳ ላይ ቢነሳም ሙቀቱ ወደ ውስጥ ዘልቆ ማቃጠሉን ይቀጥላል። ስለዚህ መጀመሪያ ያንን ሙቀት ማውጣት ያስፈልጋል። የተቃጠለውን ቦታ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ እያፈሰሱበት 20 ደቂቃ መቆየት ነው። ሰው ብዙውን ጊዜ ለአፍታ ለቅለቅ አድርጎ ይተወዋል፤ 20 ደቂቃ ሲቆጥሩት ረጅም ነው። ወዲያው ቢጀመር ይመረጣል፤ የዘገየ ቢሆንም እስከ 3 ሰዓት ድረስ ይጠቅማል። ውሃ የጠፋበት ቀን ከሆነ ከጄሪካን በጆግ እየቀዱ ማፍሰስ ይቻላል። ቀለበት፣ አምባርና ሰዓት እጁ ሳያብጥ ይውለቁ። ከቆዳው ጋር የተጣበቀ ልብስ ግን አይጎተት። የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ ቁስሉን እያቀዘቀዙ ሌላውን ሰውነቱን በጋቢ መሸፈን ያሻል፤ ሕፃናት ቶሎ ይበርዳቸዋል።

«ውሃ ከነካው ይቋጥራል» የሚሉ አሉ። ቁስሉ ውሃ የሚቋጥረው ቃጠሎው ከላይኛው የቆዳ ሽፋን አልፎ ስለገባ ነው፤ ቶሎ ማቀዝቀዝ ጉዳቱ እንዳይጠልቅ ይረዳል። በተቃራኒው «እንግዲያው በረዶ ይሻላል» የሚለውም ልክ አይደለም። በረዶ የደም ሥሮችን አጥብቦ በተጎዳው ቆዳ ላይ ሌላ ጉዳት ይጨምራል።

ቅቤና ዘይት ሙቀቱን አፍነው ያስቀሩታል፣ ቁስሉንም ለማጽዳት አስቸጋሪ ያደርጉታል። የጥርስ ሳሙና የሚያታልለው በውስጡ ባለው ሜንቶል ነው፤ ቀዘቀዘ ያሰኛል እንጂ ሙቀቱን አያወጣም። ከደረቀ በኋላ ደግሞ ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ነርሷ ከቆሰለው ቆዳ ላይ ልትፍቀው ነው። ጥሬ እንቁላል፣ ሊጥና የቡና ዱቄት ቁስሉን ለጀርም ያጋልጣሉ።

ማርን ግን ከነዚህ ጋር አንድ ላይ መጣል አይገባም። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግምገማ መካከለኛ ጥልቀት ያላቸው ቃጠሎዎች ከተለመደው ማሸጊያ ይልቅ በማር ሲታከሙ ከ4 እስከ 5 ቀን ቀድመው እንደሚድኑ አሳይቷል። አያቶቻችን ያለ ነገር አልቀቡትም ማለት ነው። ይሁን እንጂ ማር ቃጠሎን አያቀዘቅዝም፤ በሕክምና ቦታ የሚውለውም ከጀርም የጸዳ ነው። ከጓዳ የወጣ፣ ማንኪያ የተመላለሰበት ማር ያ ጽዳት የለውም።

ከቀዘቀዘ በኋላ ያለው ሥራ ቀላል ነው። በንጹሕና በማይጣበቅ ጨርቅ ወይም በምግብ መጠቅለያ ስስ ላስቲክ ሳያጠብቁ መሸፈን፣ ካመመም ፓራሲታሞል መዋጥ። ውሃ የቋጠረውን በመርፌ ማፍረጥ ብዙዎች የሚወዱት ሥራ ነው፤ ይቅርባቸው። ያቺ ስስ ቆዳ ቁስሉን ከጀርም የምትከልል ናት።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ «ካላመመው ቀላል ነው» የሚለው እምነት ነው። ጥልቅ ቃጠሎ ሕመም የሚሰማውን ነርቭ ጭምር ስለሚያጠፋ ቆዳው ነጭ ወይም ጥቁር ሆኖ፣ ጠንክሮ፣ ምንም ላያም ይችላል። እንዲህ ያለው የቤት ጉዳይ አይደለም። ከተጎዳው ሰው መዳፍ ከነጣቶቹ የሚሰፋ፣ ፊትን፣ እጅን፣ እግርን፣ መገጣጠሚያን ወይም ብልትን የያዘ፣ በኤሌክትሪክ ወይም በኬሚካል የመጣ ቃጠሎም እንዲሁ። ሕፃን ከሆነ ትንሽ ቢመስልም ሐኪም ቤት ይታይ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም አስፈላጊ መሆኑን እዚያው መጠየቅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለከባድ ቃጠሎ የየካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል ይታወቃል።

መከላከሉ ላይ፣ ውሃ ሳይፈላ አያቃጥልም ብሎ መዘናጋት አለ። 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ አዋቂን በ5 ሰከንድ ገደማ ክፉኛ ያቃጥላል፤ የሕፃን ቆዳ ስስ ስለሆነ ይብሳል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ በመሆኗ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከ100 ማነሱ ግን ማንንም አያድንም። የቡና ሥርዓታችን ደግሞ ከሰሉንም ጀበናውንም መሬት ላይ፣ ልክ በሚድህ ልጅ ቁመት ያኖራቸዋል። ከሰል ማንደጃውን ጥግ አስይዞ አንድ ሰው ልጁን እንዲይዝ ማድረግ ምንም አያስወጣም። ምጣድ ሥር ሲቆሙ የነጠላ ጫፍ ይታሰር፤ ጋዝ ምድጃም እየነደደ ወይም እንደጋለ ጋዝ አይጨመርበት።

አንድ ተረት ደግሞ እጅ እግር ያሳጣል፦ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲወድቅ የነካው ይያዛል የሚለው። በሽታው በመንካት አይተላለፍም። በዚህ ፍርሃት እሳት ላይ ወድቀው ሳይነሱ የቆዩ ሰዎች አሉ። ወዲያው ከእሳቱ ጎትቶ ማውጣት፣ ቃጠሎውን በውሃ ማቀዝቀዝ፣ መንፈራገጡ ሲያቆምም በጎኑ ማስተኛት ነው። ክብሪት ለኩሶ ማሽተት አያነቃውም። መንፈራገጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።