ከላይኛው ደጅ እስከ ታችኛው ደጅ

ዝናብ በሚጥልበት ቀን ከፈረስ መጋላ ተነሥተው በመኪና ግርግር በኩል ወደ ግድር መጋላ ወርደው ያውቃሉን? ካላወቁ፥ በጀጎል ውስጥ ቤት ከመከራየትዎ በፊት አንድ ቀን ይሞክሩት። የልብስ ስፌት መኪኖች ድምፅ ስም ያወጣለት ያ መንገድ በበጋ ሲወርዱት ደስ ያሰኛል፤ በዝናብ ግን እግርና ድንጋይ ይጣላሉ። ከእርሱ ወደ ግራና ቀኝ የሚታጠፉት ጠባብ መንገዶች ደግሞ ይብሳሉ።

ነገሩ የሚያስደንቅ አይደለም። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በኮረብታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በ16ኛው ምዕተ ዓመት አሚር ኑር ባሠሩት ግንብ ውስጥ ያሉት መንገዶች ለእግረኛና ለአህያ እንጂ ለመኪና የተቀየሱ አይደሉም። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባውም ከነዚሁ መንገዶች ጋራ ነው። ስለዚህ ቁልቁለቱን ማስተካከል አይቻልም፤ የሚቻለው አረማመድንና ጠባይን ማስተካከል ነው።

አረማመዱ ቀላል ነው። እርምጃዎን ያሳጥሩ፤ ጉልበትዎን ጥቂት ሸብረክ ያድርጉ፤ እግርዎን ሙሉ ለሙሉ ያሳርፉ፤ እጅዎን ከኪስዎ ያውጡ። የጫማዎ ሶል የለሰለሰ እንደ ሆነም ከጃንጥላ በፊት ጫማ ይግዙ።

በረዶ በሚጥልበት አገር የሚኖሩ ሰዎችም በክረምት እንዲሁ ይራመዳሉ። ደግሞም በደጃቸው ጨው ይበትናሉ፤ ጨው ውሃ ወደ በረዶ የሚለወጥበትን የሙቀት ልክ ዝቅ ስለሚያደርግ በረዶው ይቀልጣል። እንዳያንሸራትትም አሸዋ ወይም አመድ ይነሰንሳሉ። ለእኛ ጨው ለወጥ እንጂ ለጭቃ አይረዳም። አሸዋው ይጠቅመናል፤ አመድ ግን በዝናብ ሲላቆጥ ራሱ ያንሸራትታል።

ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም። አምና በሚያዝያ ዝናብ ሲጀምር የከሰል ምድጃዬን አመድና የክፍሌን ጥራጊ፥ ጎርፍ ይወስደዋል ብዬ ከደጄ ደፋሁት። ጎርፉም ወሰደው። ማታ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ታቅፌ ዳገቱን ስወጣ፥ ከቤቴ ሃያ እርምጃ ዝቅ ብሎ ካለው በር አጠገብ አንሸራተተኝና ወደቅሁ። ወረቀቱ ሁሉ ውሃ ላይ ተበተነ። ከዚያ በር አንዲት አሮጊት ባልዲ ይዘው ወጡ፤ ለካ ከግቢያቸው ውሃ እየቀዱ ይደፉ ኖሯል። ባልዲውን አስቀምጠው ወረቀቴን አንድ ባንድ ለቀሙልኝ፤ ከምድጃቸው አጠገብም ዘርግተው አደረቁልኝ። ኋላ የቦያቸውን አፍ የደፈነውን ጥራጊ እያሳዩኝ፥ «ልጄ፥ አንተ ከላይ የምትጥለው ሁሉ የሚያድረው እዚህ እኔ ዘንድ ነው» አሉኝ። በጥራጊው ውስጥ በእጅ ጽሕፈቴ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ነበረበት። ምን ልመልስ?

ተማሪዎች እንደሚያውቁት፥ የውሃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የመግፋት ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። በቁልቁለት ላይ በላይኛው ደጅ እንደ ቀልድ የተጣለ ነገር በታችኛው ደጅ ጥፋት የሚሆነው ስለዚህ ነው። በበረዶው አገር በብዙ ከተሞች እያንዳንዱ ባለቤት ከቤቱ ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ እንዲጠርግ ሕግ ያስገድደዋል። በሐረር ደግሞ በሠርግና በሐዘን ሰውን የሚያሰባስብ አፎቻ አለ። አምቡላንስ በማይገባበት ጠባብ መንገድ ምጥ የያዛት ሴትም፥ አስከሬንም የሚያልፉት በሰው ትከሻ ነው። ታዲያ የተሸካሚዎቹ እግር እንዳያንሸራትት ማሰብ የማን ፈንታ ነው?

እርስዎም እንደ እኔ ለሥራ ወይም ለትምህርት መጥተው አንዲት ክፍል የተከራዩ እንደ ሆነ፥ «የቤቱ ባለቤት ያስብበት» አይበሉ። ደመና ሲጠቁር ደጅዎን ጠርገው ጥራጊውን በከረጢት ያኑሩት፤ የቦዩን አፍ ይክፈቱ፤ ከሚያዳልጠው ድንጋይ ላይ ጥቂት አሸዋ ይበትኑ። ሩብ ሰዓት አይፈጅም። እኔ ዛሬ ከራሴ ደጅ ጀምሬ እስከ እኒያ እናት በር ድረስ እጠርጋለሁ፤ ሃያ እርምጃ ብቻ ነው።