ፊደል የቆጠረ ልጅ ምን ያንብብ?

አንድን ሕፃን ፊደል ማስቆጠርና አንባቢ ማድረግ ሁለት የተለያዩ ተግባሮች መሆናቸው ዘወትር ይዘነጋል። የመጀመሪያው በሰሌዳና በጠመኔ ሊከናወን ይችላል። ሁለተኛው ግን መጽሐፍን፣ ያውም ለልጁ ዕድሜና ፍላጎት የተጻፈ መጽሐፍን ይጠይቃል። ተረካቢ ትውልድ ስለማፍራት ብዙ በሚነገርበት አገር፣ ይኸው ትውልድ ምን እያነበበ እንደሚያድግ የሚጠይቅ ሰው ማነሱ በቀላሉ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

በዚህ ረገድ ታሪካችን ግልጽ ትምህርት ይሰጠናል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሚሊዮኖችን ከንባብና ከጽሕፈት ጋር ያስተዋወቀ፣ ዓለም አቀፍ ሽልማትም ያስገኘ እንቅስቃሴ ነበር። ፊደል የለየ ሰው የሚያነበው ካጣ ተመልሶ መሃይም እንደሚሆን ስለታወቀ፣ ከመሠረተ ትምህርቱ ቀጥሎ የሚነበቡ ጽሑፎችም ይዘጋጁ ነበር። ለጎልማሳው ገበሬ ያስፈለገው ለሕፃኑ አያስፈልግም ሊባል ከቶ አይቻልም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2010 በበርካታ ክልሎች በተካሄደው የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ለክፍላቸው ከተመረጠው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንደተሳናቸው ታይቷል። ለዚህ ውጤት መምህሩን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ፍትሐዊ አይሆንም። ከመማሪያ መጽሐፉ በቀር የታተመ ነገር ጨብጦ የማያውቅ ልጅ ንባብን የሚለማመደው በምኑ ነው?

ተረት አጥተን አይደለም። አባባ ተስፋዬ ለ42 ዓመታት ያህል በቴሌቪዥን ለሕፃናት ተረት ሲያወሩ የኖሩት ከማይነጥፍ የሕዝብ ሀብት እየቀዱ ነው። የጎደለን ተረቱ ወደ መጽሐፍ፣ መጽሐፉም ወደ ልጁ እጅ የሚደርስበት መንገድ ነው። በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ፣ በሚሠሩበት የሕፃናት ክፍል የብዙ አገሮች መጻሕፍት ተደርድረው በአማርኛ የተጻፈ ማጣታቸው እጅግ አሳሰባቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 የማሞን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ፤ በማግሥቱ ዓመት በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ በሐዋሳም አህያ የሚስበው የመጻሕፍት ጋሪ መዘዋወር ጀመረ። አህያዋ ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ሠርታለች ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ወደ አጻጻፉ ስንመጣ ደግሞ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ለሕፃን መጻፍ ቀላል ሥራ ነው የሚለው ንቀት በደራሲዎቻችን ዘንድ ሥር ሰድዷል። የአማርኛ ግሥ አድራጊውን፣ ተደራጊውን፣ ጊዜውንና አሉታውን በአንድ ቃል ጠቅልሎ የሚሸከም ነው። «እስኪያስረክቧቸው» የሚለው አንድ ቃል 10 ፊደላት አሉት፤ ንባብ የጀመረ ልጅ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ይረሳዋል። በዚህ ላይ ማሰሪያ አንቀጹ ከብዙ ሐረጎች በኋላ በመጨረሻ ብቅ ስለሚል፣ ረጅም ዐረፍተ ነገር ለጀማሪ አንባቢ ዳገት ነው። ስለዚህ ለሕፃናት የሚጽፍ ሰው እያንዳንዱን ቃል መዝኖ የሚያስቀምጥ ባለሙያ እንጂ ለታላላቆች መጻፍ ያቃተው ሊሆን አይገባውም። ምክርና ተግሣጽ በየገጹ መደርደሩም ሌላው በሽታ ነው። ልጅ ሲመከር ያውቃል፤ ሲሰለቸውም መጽሐፉን ይዘጋል።

ከሁሉም የከፋው ክፍተት ግን የሚታየው ከ12 እስከ 16 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ወጣቱ የጦጣና የጅብ ተረት ከበቃው በኋላ በቀጥታ ለታላላቆች ወደተጻፈው ልብ ወለድ ይሻገራል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» አንብቦ የሚጨርስ ብርቱ ወጣት አለ፤ እሰየው። የማይችለው ግን በመካከል የሚይዘው ነገር ስለሌለ ንባብን በዚያው ይሰናበታል። ከገጠር ወደ ወረዳ ከተማ መጥታ፣ ከጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ቅዳሜና እሑድ ስንቅ ለማምጣት በእግሯ ወደ ቤተሰቧ እየተመላለሰች የምትማር የ14 ዓመት ልጅ ኑሮዋን የምታነብበት መጽሐፍ የት አለ? የእርሷ ድፍረት፣ ፍርሃቷና ሳቋ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ይወጣዋል። ይህን የሚጽፍ ደራሲ ረቂቁን ለአሳታሚ ከማሳየቱ አስቀድሞ ለመሰሎቿ እንዲያነብላቸው እንሻለን፤ የት ላይ እንደሚያዛጉ ያያልና።

መጽሐፉ ቢጻፍም ዋጋው ከብዙው ወላጅ አቅም በላይ ስለሚሆን፣ ልጆች ሊያገኙት የሚችሉት በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት በኩል ነው። በዚያም ቢሆን ጥቂቶቹ የታሪክ መጻሕፍት «እንዳይጠፉ» እየተባለ በቁም ሣጥን ሲቆለፍባቸው እናያለን። ከአንድ መቶ ልጆች እጅ ሲዘዋወር ተቀዶ ያለቀ መጽሐፍ በንብረት መዝገብ ላይ እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ አገልግሎት የሚመዘገብበት አሠራር ቢደነገግ፣ ቁልፉን የያዘው ሠራተኛም ያለ ሥጋት ሣጥኑን ይከፍት ነበር።